ቱክዊላን የወሰዱት ሴት

ከሲያትል እስከ ታኮማ ባለው ምድር በእንቆቅልሽ የሚረታኝ አበሻ አልተወለደም። ለጉራ አይደለም፤ ያለውን ነው የምናገረው። የኤርፖርት ቫን ስነዳ ያላስጨነቅኩት ምሁር፣ ላብ በላብ ያላደረግኩት ዲያቆን የለም። አንድ የሒሳብ ዶክተርማ ከኤርፖርት እስከ ፌደራል ዌይ ድረስ በአንዲት እንቆቅልሽ አሽቼው፣ ሲወርድ ሻንጣውን ረስቶ የቫኔን የእግር ምንጣፍ ይዞ ሄዷል።

እርግጥ አንዲት ሴት አሉ። ነበሩ። እሳቸው ከተቆጠሩ ነገሩ ትንሽ ይለወጣል፤ ባወቅኳቸው ዘመን ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ረትቻቸው አላውቅም።

እትዬ ሀዋ ማረፋቸውን የሰማሁት ኤርፖርት መጫኛው ላይ ተሳፋሪ ስጠብቅ ነው። የደወለችልኝ ከሱቃቸው ጎን ዳቦ ቤት ያላት ሜክሲኳዊቷ ማርታ ናት። ማርታ ስታለቅስ በስፓኒሽ ነው፤ እኔ ስፓኒሽ አልሰማም። ግን "ሀዋ፣ ሀዋ" ስትል ሌላውን የሚተረጉምልኝ ሰው አላስፈለገኝም። ፖሊሱ "ሙቭ! ሙቭ!" እያለ ቫኑን በመዳፉ ይደበድባል፣ እኔ መሪው ላይ ተደፍቻለሁ። በመጨረሻ በመስኮት ጎንበስ ብሎ አየኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"እናትህ ናት የሞተችብህ?"

"አይደሉም" አልኩት። "ሱሪዬን የሚያሳጥሩልኝ ሴት ናቸው።"

ለልብስ ሰፊው እንዲህ የሚያለቅስ ደንበኛ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። ሳይቀጣኝ ለቀቀኝ።

እትዬ ሀዋ የደሴ ሰው ናቸው። ሲያትል አጠገብ ባለችው ቱክዊላ ከተማ፣ ከአንድ አውራ መንገድ ዳር ባለች ያረጀች የሱቆች ፕላዛ፣ ልብስ ስፌት ቤት ነበራቸው። ሱቋ ከመጥበቧ የተነሳ ሱሪ ልትለካ ገብተህ ኮትህን ለብሰህ ለመውጣት መጀመሪያ ትንፋሽህን ማስወጣት ነበረብህ። እሳቸው መሐል ላይ ከስፌት መኪናው ኋላ ይቀመጣሉ፤ ሜትሩ አንገታቸው ላይ፣ በከንፈራቸው መካከል ደግሞ ሁልጊዜ ስፒል። ስፒሉን እንደያዙ ያወራሉ፣ ስፒሉን እንደያዙ ይስቃሉ። አውጥተው እጅጌያቸው ላይ ሲሰኩት ግን ተጠንቀቅ፤ ወይ ሊሰድቡህ ነው፣ ወይ እንቆቅልሽ ሊጠይቁህ።

ሰላም ሲሉህ ወገብህን ይለኩሃል። ሳትጠይቃቸው፣ ሱቁ በሰው ተሞልቶ።

"ክፍሌ፣ ወፍረሃል። ይኼ ሱሪ ካሁን በኋላ አይበቃህም።"

"እትዬ፣ ኧረ ሰው ፊት!"

"ሰዉ መች አጣው? እኔ ልኩን ነው የነገርኳቸው።"

መኪና አቋቋሜንም አይምሩኝም ነበር። እኔ ቫኔን ሁልጊዜ የማቆማት በኋላ ማርሽ ገብቼ ነው፤ ጀርባዋን ለግድግዳ፣ ፊቷን ለመውጫ። ሚኒስትር እንደሚጠብቅ ሰው። ሰማይ ምድሩ ባዶ ቢሆን እንኳ ወደ ፊት ገብቼ ፓርክ አላደርግም፤ ክብሬ አይፈቅድም። እሳቸው በመስኮት እያዩ "መቼ ይሆን አንተ እንደ ሰው በፊትህ የምትገባው?" ይሉኛል።

"ጀግና ለማንም ጀርባውን አያሳይም፣ እትዬ።"

"ለማንም አታሳይ። አንተ ግን አልፎ አልፎ ብታየው ምናለ?"

ይህን የሰማሁት እንደ ቀልድ ነው። ሌላም ብዙ ነገር እንደ ቀልድ ሰምቻቸዋለሁ።

እንቆቅልሹማ የዕለት ሥራችን ነበር። ተሳፋሪ ከሌለኝ ሱቃቸው ነኝ። ስፒሉ ይወጣል።

"እንቆቅልህ!"

"ምን አውቅልሽ!" በቀረው ጊዜ ሁሉ እርስዎ ነው የምላቸው፤ በዚህ ጨዋታ ብቻ አንቺ እላለሁ፣ ሥርዓቱ ነውና።

"ሁሉን ስትለካ ትውላለች፣ የራሷን ቁመት ጠይቃ አታውቅም።"

አሰብኩ። ፀሐይ? አይደለም። ቆጣሪ? አይደለም። ሞት? "ውይ አፍህን ቁረጠው!" ግራ ገባኝ፤ መልሱ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ ዓይኔ ሥር ሲወዛወዝ ሜትሩን አላየሁትም።

"አገር ስጠኝ!" ይላሉ ያኔ። ያልመለሰ ሰው አገር ይሰጣል፤ የተሰጠው ደግሞ እዚያ አገር ገብቶ ተድላውን እያወራ ተሸናፊውን ይሰድበዋል። በልጅነታችን ጎንደርንና ሐረርን እንሰጥ ነበር። እዚህ ያለው ያው ያለው ነው።

"ሬንተንን ሰጠሁሽ!"

"ሬንተን ገብቼ፣ የአውሮፕላን ፋብሪካውን ወርሼ፣ አብራሪው ሁሉ ጫማዬን ሲያወልቅልኝ፣ አንተን በር ላይ ቆመህ የሰው ሻንጣ ስትጠብቅ አገኘሁህ!"

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሬንተንን አስረክቤያለሁ። ፌደራል ዌይን ከነቤተ ክርስቲያኖቿ፣ ኤርፖርቱን ከነአውሮፕላኑ ሰጥቻለሁ። መሬቱ የኔ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። ቱክዊላን ብቻ እምቢ ይሉኝ ነበር። "ቱክዊላማ የምኖርባት ናት፤ በቀልድ አልወስዳትም።"

አንድ ዓመት ብርዱ ሳይገባ መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ባላቸው ካረፉ ቆይቷል። ማርታ ሱቁ ሳይከፈት ሲቀር አየች። እትዬ ሀዋ የሚያረፍዱ ሴት አይደሉም። ዳቦውን ምድጃ ውስጥ ትታ፣ ዱቄት እንደለበሰች ወደ ቤታቸው ሮጠች። ዳቦው ከሰል ሆነ፤ እትዬ ሀዋ ተረፉ። ክንዳቸው ተሰብሮ ታሰረ።

አንድ ልጃቸው ጀማል ዳላስ ይኖራል። ወዲያው ኮል አደረገ፤ እሳቸው ስልኩን ድምፁን ከፍተው ጨርቅ ላይ ያስቀምጡታል፣ ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ያለነው ሁሉ እንሰማለን።

"እማዬ፣ ኦኬ፣ በቃ። ወደኛ ነው የምትመጪው። እዚያ ማን አለሽ?"

"ማን የለኝም?"

"ሊሰን፣ እኔ እያለሁ ጎረቤት ነው የሚያነሳሽ? ሶ፣ እስኪ እንደገና ብትወድቂስ?"

ስልኩ ሲዘጋ ስፒል በአፋቸው አልነበረም። የሚያስፈራው ያ ነበር።

"ሄጄ አይቼዋለሁ እኮ" አሉኝ። "ቤቱ ሰፊ ነው፣ ማሻ አላህ። ጠዋት ሁሉም በየመኪናው ይወጣል፣ ጋራዡ ይዘጋል። ጋራዡ ሲዘጋ ቀኔም አብሮ ይዘጋል። ማታ እስኪከፈት ድረስ ከቴሌቪዥን ጋር ቁጭ።"

"አልሄድም ይበሉታ!"

"ክፉ ልጅ ቢሆን እለው ነበር። ደግ ልጅን እንዴት አድርገው ነው እምቢ የሚሉት?"

መሬት ላይ የወደቀ ክር አንስቼ ጣቴ ላይ ጠቀለልኩ።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ማርታ አንድ ነገር ይዛ መጣች። በአገሯ ሎቴሪያ የሚሉት ጨዋታ አለ፤ ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ናቸው፦ ጨረቃ፣ መሰላል፣ ጃንጥላ፣ ሐብሐብ፣ አውራ ዶሮ። እያንዳንዱ ተጫዋች የተለያዩ ሥዕሎች ያሉበት ሰሌዳ ይይዛል፤ ጠሪው ካርድ ሲያወጣ ያለው ሰው ሰሌዳው ላይ ምልክት ያደርጋል። ማርታና የሠፈሩ ሠዓሊዎች ካርዶቹን ትልልቅ አድርገው ሊሥሉና በየሱቁ ሊሰቅሏቸው ነው። አንድ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ሰሌዳውን ይዞ ሥዕሎቹን እያደነ ይዞራል፤ የሞላ ሰው የማርታን ኬክ ይበላል።

ወሬው አበሻ ዘንድ ሲደርስ "ሎተሪ ሊወጣ ነው" ተብሎ ነበር፤ ዘመዱን ለማስመጣት ፎቶ ተነስቶ የመጣም አልጠፋም። እትዬ ሀዋ ግን ያሳሰባቸው ሌላ ነው።

"ቁማር ከሆነ በደጄ እንዳያልፍ። ምንድነው የሚያስይዙት?"

ማርታ እፍኝ ቦሎቄ አሳየቻቸው። ሰሌዳው ላይ ምልክት የሚደረገው በሱ ነው።

"ቦሎቄ! በቦሎቄ ደግሞ ማን ገሀነም ይገባል?"

የሁለቱ እንግሊዝኛ ተደምሮ አንድ ታክሲ አያስቆምም፤ ግን እኔ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ባልና ሚስት እንደነሱ ሲግባቡ አላየሁም። ማርታ በእጇም በዓይኗም እያገዘች አስረዳቻቸው፦ ጠሪው የሥዕሉን ስም በቀጥታ አይናገርም፣ ስለ ሥዕሉ በግጥም እየተናገረ ሰውን ያደናግራል፣ ሰዉ ራሱ ማወቅ አለበት። እትዬ ሀዋ ስፒላቸውን አወጡ።

"ይኼማ የኛ ነው!"

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። ለያንዳንዱ ሥዕል የአማርኛ እንቆቅልሽ ሠሩለት። የሠፈሩ ልጆች ሱቁን ሞሉት፤ እሳቸው በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፣ እሳቸው መልሱን ሳይሆን ፊታቸውን አይተው "ልክ ነህ!" ይላሉ። የተሰበረ ክንዳቸውን ረሱት። እኔም ዳላስን ረሳሁ። ጀማል ግን አልረሳም።

የአደኑ ቅዳሜ ጠዋት ከኤርፖርት ያመጣሁት እኔው ነኝ። ትንሽ ሻንጣ ይዟል፤ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ከጎኔ ተቀመጠ። ጢሙ ሸበት ጣል አድርጎበታል፣ ትሑት ነው፤ ልጠላው አስቤ ነበር፣ አልቻልኩም። ሱቅ እንደገባ የእናቱን እጅ ስሞ ተናገረ።

"እማዬ፣ ቲኬት ቆርጬልሻለሁ። ነገ አብረን ነው የምንሄደው።"

ማርታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቋንቋውን አታውቅም፤ ነገሩ ግን ገባት፣ ትሪውን ደረቷ ላይ አቀፈችው።

እትዬ ሀዋ ስፒሉን ከከንፈራቸው አውጥተው እጅጌያቸው ላይ ሰኩት።

"እንቆቅልህ!"

"እማዬ፣ ፕሊስ።"

"እንቆቅልህ አልኩህ!"

የአርባ ምናምን ዓመቱ ሰውዬ አንገቱን ደፋ። "ምን አውቅልሽ" አለ ቀስ ብሎ።

ሰሌዳ ሰጡት። "እዚህ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ሁሉ መግሪብ ሳይደርስ ካገኘሃቸው፣ ሻንጣዬን ራሴ ተሸክሜ ካንተ ፊት እወጣለሁ። አንድ እንኳ ከጎደለህ አገር ትሰጠኛለህ። የምጠይቅህን አገር።"

ጀማል ሰሌዳውን አየ፤ የልጆች ሥዕል ነው። ሰዓቱን አየ፤ ገና ረፋድ ነው። ፈገግ አለ። "ኦኬ። ዲል።"

እኔን ወደ ጥግ ጠሩኝ። "አንተ ንዳው። ወዳለህ ውሰደው። አታግዘው፣ አትከልክለውም።"

"እትዬ፣ የመጨረሻዋ ሥዕል የት እንደተደበቀች ለኔ ብቻ ይንገሩኝ። ከዚያ አርቄ ፖርትላንድ ድረስ እነዳዋለሁ!"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ፣ ለሱሪ እንደሚለኩኝ። "አንተ እንዲሁ ንዳ" አሉኝ። ማርታ ጋ ሻይ አጠጡንና ላኩን።

መጀመሪያ ቀላል ነበር። ጨረቃዋ ፀጉር አስተካካዩ መስኮት ላይ ናት። መሰላሉን ሶማሌው ሥጋ ሻጭ ጋ አገኘን። ሰውዬው ቢላውን አስቀምጦ ጀማልን አስተዋለው።

"የሀዋ ልጅ ነህ?"

"ነኝ።"

"የልጄን የሠርግ ልብስ የሰፋችው እሷ ናት። ልጅቷ ዋዜማው ላይ አልቅሳ ልብሱን ስትቀድደው፣ እናትህ ሱቋን ዘግታ ቤታችን መጥታ ሰፋችው።"

ጃንጥላው ያለው ጥፍር የምትሠራ ቬትናማዊት ሴት ጋ ነው። እሷም "የሀዋ ልጅ?" አለችና ሽርጧን ገልብጣ የውስጥ ኪሱን አሳየችው፤ ጥልፉ የእናቱ ነው፣ ከሩቅ ይታወቃል። ሐብሐቡ ስልክ የሚጠግን ልጅ ጋ ተገኘ። "የሀዋ ልጅ ነህ? ሰላም በልልኝ!" በየሄድንበት ሥዕሉ አንድ ነው፣ "የሀዋ ልጅ ነህ?" የሚለው ግን አያልቅም። ጀማል መጀመሪያ ፈገግ ይል ነበር፤ በኋላ ፈገግታው እየቀነሰ ሄደ።

ቀረ አውራ ዶሮ። እትዬ ሀዋ የሠሩለት እንቆቅልሽ እንዲህ ይላል፦

"ሳይጠሩት አቤት ይላል፣ ሳይነጋ ነጋ ይላል፣ ፀሐይን ያወጣኋት እኔ ነኝ ብሎ ደረቱን ይነፋል። ጭራው አገር ያስጌጣል፣ እሱ ግን ዞሮ አይቶት አያውቅም።"

እኔ ስሰማው ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። "ምን ዓይነት ሞኝ ዶሮ ነው!" አልኩ። "ጀማል፣ ይኼ ለኔ ቁርስ ነው፤ ዶሮ ያለበትን ቦታ ሁሉ አውቃለሁ።" እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ እኔ የእትዬ ሀዋ ወገን ነኝ። እንዲሄዱብኝ አልፈልግም። ግን እንቆቅልሽ ነው፤ እንቆቅልሽ ሲመጣ ወገንም ዘመድም ይጠፋብኛል።

ጥብስ ዶሮ ወደሚሸጥበት ወሰድኩት። የለም። በደጁ ላይ አንዲት የሠፈር ልጅ ሰሌዳዋን ሞልታ እየዘለለች አገኘናት። ጀማል ጎንበስ ብሎ ዶሮውን የት እንዳየችው ጠየቃት። ልጅቷ እኔን አየችና አፏን በእጇ ያዘች።

"ኢት ሙቭስ!" ብላ እየሳቀች ሮጠች።

"ይንቀሳቀሳል አለች" አለ ጀማል።

"ገባኝ!" አልኩ። "ሥዕል አይደለም፤ ነፍስ ያለው ዶሮ ነው! ፌደራል ዌይ ጓሮዋ ውስጥ ዶሮ የምታረባ ሴት አውቃለሁ።"

በአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና ወደ ታች ስንከንፍ መኪናው ሁሉ ክላክስ ያደርግልናል። አንድ ቤተሰብ ከጎናችን መጥቶ በመስኮት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳን። ልጆቹ እጃቸውን ያውለበልባሉ። እኔም እንደ ንጉሥ እጄን ዘርግቼ መለስኩላቸው።

"ይኼ ሁሉ ምንድነው?" አለ ጀማል።

"ሰዉ ይወደኛል፣ ምን ላድርግ" አልኩት። "እዚህ አገር አርቲስት ሆኛለሁ።"

የፌደራል ዌይዋ ሴት ዶሮዎች ሁሉም እንስት ናቸው። ሴትዮዋ ግን "የእትዬ ሀዋ ልጅ?" ብላ እንቁላል አሸክማ ሰደደችን። ከዚያ ሬንተን፣ ደጁ ላይ ትልቅ ዶሮ የተሳለበት ምግብ ቤት። ፓርኪንጉ ጢም ብሏል፤ አንዲት ወደ ፊት የሚገባባት ቦታ ብቻ አለች።

"ክፍሌ፣ ዝም ብለህ ግባ፣ ሰዓት የለንም" አለኝ ጀማል።

"በኋላ የሚገባበት እስኪገኝ እዞራለሁ እንጂ እንደዚህ አልገባም!" ዞርኩ፣ ዞርኩ፣ በመጨረሻ ከአንድ የተዘጋ ሱቅ ፊት በኋላ ማርሽ ገብቼ፣ የቫኔን ጀርባ ከሱቁ ጥቁር መስታወት ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ አድርጌ አቆምኳት።

ጀማል ምግብ ቤቱ ገብቶ ተመለሰ። ሥዕሉ የራሳቸው ማስታወቂያ ነው። ወደ ቫኑ ሲመጣ ጎን ላይ ቆሞ ያንን ጥቁር መስታወት ረጅም ጊዜ አየው። ፀጉሩን የሚያስተካክል መስሎኝ ክላክስ አደረግኩለት። "አምሮብሃል፣ ግባ! ሰዓት ያልነበረን አንተ ነህ!"

ገባ። ሰሌዳውን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

"እዚህ እናቴን የማያውቅ ሰው አለ?"

"አለ" አልኩት። "ገና ያልተወለደ።"

"ሻይ እንጠጣ" አለኝ። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ሻይ! እኔ ነኝ የጨነቀኝ፤ "አንድ ሌላ ቦታ አለ፣ ኬንት አጠገብ" ብለው፣ "ደክሞኛል፣ ክፍሌ" ብሎ ስለ እናቱ እየጠየቀኝ ሁለት ሻይ ጠጣ። መቼም ዳላስ ሰው ያሰንፋል ብዬ ፈረድኩበት።

ፕላዛው በሰው ተሞልቶ ደረስን። እኔ እንደ ወጉ ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ አቆምኩ። ገና ደጁ ላይ ስንደርስ የእትዬ ሀዋ ስልክ አዛን አለ።

"ሰሌዳህን" አሉት።

ዘረጋላቸው። በቦሎቄ ፋንታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎበታል፤ ዶሮው ባዶ ነው። "አላገኘሁትም።"

ዓይን ዓይኑን አዩት፤ ረጅም ጊዜ። "አላገኘኸውም?"

"አላገኘሁትም፣ እማዬ።"

"እንግዲያው አገር ስጠኝ።"

"ዳላስን ልስጥሽ?" አለ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

"ዳላስ ላንተ ይሁን። ያለሁበትን ስጠኝ።"

ሰዉ ሁሉ ተጠግቶ ከበበን፤ ቋንቋውን የማያውቀውም ጭምር። ጀማል ዙሪያውን አየ። ሥጋ ሻጩን፣ ባለ ሽርጧን ሴትዮ፣ ልጆቹን፣ በሩ ላይ ትሪዋን ታቅፋ የቆመችውን ማርታን።

"ቱክዊላን ሰጠሁሽ" አለ።

"ብወድቅስ ብለህ አትመለስ።"

"አልመለስም። ብትወድቂ የሚያነሳሽ አይቻለሁ።"

ያኔ እትዬ ሀዋ ሥርዓቱን ጨረሱ፦ "ቱክዊላ ገብቼ፣ የሰዉን ሱሪ አሳጥሬ፣ የማርታን ዳቦ በልቼ፣ የክፍሌን ውሸት ሰምቼ፣ ልጄን ዞር ብዬ ባየው፣ ዳላስ ላይ ጋራዥ ተዘግቶበት…" ስድቡን አልጨረሱትም። ጀማል ጎንበስ ብሎ አቀፋቸው፣ የእጅጌያቸው ስፒል ወጋው መሰለኝ "አህ" አለ፣ ግን አልለቀቀም።

"የት ነው ታዲያ ዶሮው?" ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። "ይነገረና!"

"ክፍሌ" አሉ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ "ለዛሬ ብቻ መኪናህን ከግድግዳው ወደ ፊት አምጣት።"

ቫኗን ወደ ፊት ስስባት ፕላዛው በሳቅ ተናወጠ። የኋላ በሯ ላይ፣ እኔን የሚያህል፣ ቀይ ኩክኒ ያለው፣ ጭራው በሰባት ቀለም የተንዠረገገ አውራ ዶሮ ተለጥፏል። ማርታ እንደ ማግኔት በሚጣበቅ ነገር ላይ ሥላው፣ ጠዋት ሻይ ስንጠጣ ነው የለጠፉብኝ። ቀኑን ሙሉ ዶሮውን ፍለጋ ዶሮውን ይዤ ሦስት ከተማ ዞሬያለሁ። ጀማል ግንባሩን መትቶ "ኖ ዌይ!" አለ።

እትዬ ሀዋ ቱክዊላን ሁለት ዓመት ገዝተው ኖሩ። ማርታ የቤታቸውን ቁልፍ ያዘች፤ ጀማል በየጠዋቱ ኮል ያደርጋል፣ ያላነሱ እንደሆነ ለሥጋ ሻጩ ይደውላል። እኔም ብዙ ከተማ አስረከብኳቸው። ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት ስልኩን አላነሱም። ማርታ ስትደርስ በእንቅልፋቸው አርፈዋል። የተቀበሩት በተሰጣቸው አገር ነው።

ለቅሶው ላይ ጀማል ከጎኔ ተቀመጠ። "ያን ቀን ሬንተን ላይ አይቼዋለሁ እኮ" አለኝ። "መስታወቱ ውስጥ። ዶሮውን።"

"ታዲያ ለምን…?"

"ከሱ በፊት ሌላ ነገር አይቼ ነበር። በየሱቁ።" "እማዬም ሳታውቅ አልቀረችም። አንድ ቀን ጠየቅኳት፤ ክፍሌን ምነው አመንሽው፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው አልኳት። 'ሚስጥር ለክፍሌ አይነገርም፤ ክፍሌ ላይ ይለጠፋል' አለችኝ።"

እየሳቅኩ አለቀስኩ። "ያቺን እንቆቅልሽ እስካሁን ለተሳፋሪ ሁሉ ነው የማወራት" አልኩ። "ያ ሞኝ ዶሮ! ፀሐይን ያወጣኋት እኔ ነኝ የሚለው! ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል።"

ጀማል ማርታን አየ። ማርታ ሥጋ ሻጩን አየች። ሥጋ ሻጩ ምንጣፉን።

"ክፍሌ" አለ ጀማል ቀስ ብሎ፣ "የተሳለው ዶሮ ነው። የተጠየቀው ግን ስለ ዶሮ አልነበረም።"

ሳይጠሩት አቤት የሚለው እኔ ነኝ። ሳይነጋ ነጋ የሚለው፣ ደረቱን የሚነፋው፣ ጭራውን ዞሮ ያላየው እኔ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ለማላውቀው ሰው እያወራሁ በራሴ ስስቅ ኖሬያለሁ። ለቅሶው ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀው ነበር። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።